«ራምፕ ሠርተናል» እና ሌሎች የሙዚየም ሰበቦች

ጅማ ውስጥ ስለ ሙዚየም ተደራሽነት ጥያቄ ሲነሳ መልሱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ስንሰማቸው የከረሙት እነዚህ ናቸው።

«ራምፕ ሠርተናል፤ ከዚህ በላይ ምን እናድርግ?»

ራምፕ ማለት ዊልቸር በደረጃ ፋንታ የሚወጣበት ተዳፋት ነው፤ አብዛኛው ራምፕ የሚባለው ነገር ግን ደረጃ ላይ የፈሰሰ ሲሚንቶ ነው። ለ1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ባለ 15 ሴንቲ ሜትር አራት ደረጃዎች 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ስለዚህ ራምፑ 7.20 ሜትር ነው። ቦታ የለም ተብሎ በ2 ሜትር ከተጨረሰ በዊልቸር የመጣ ሰው ብቻውን አይወጣውም፤ ሲወርድም ወደ ፊት ሊደፋ ይችላል። ቦታ ካነሰ ራምፑ ይታጠፋል እንጂ አያጥርም። መታጠፊያው ላይና በሩ ፊት 1.5 በ1.5 ሜትር ለጥ ያለ ማረፊያ ይተውለት፤ ተዳፋት ላይ ሆኖ በር የሚስብ ሰው ወደ ኋላ ይንሸራተታል።

ከዚያ «ለማሳመር» ሴራሚክ ይነጠፍበታል። በጅማ ዝናብ! አንድ ክረምት ሳያልፍ አረንጓዴ አልጌ ይይዝና በክራንች የሚሄደውን ይጥላል። ኮንክሪቱ ሳይደርቅ በሻካራ መጥረጊያ አግድም ቢጠረግ ይበቃ ነበር፤ ርካሽም ነው። በሁለቱም ጎን 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው መደገፊያ፣ ጎማው እንዳያመልጥ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር የጠርዝ ግንብ ይጨመር።

ይህ ሁሉ ልክ ሆኖም ጎብኚው ላይገባ ይችላል። ከግቢው በር እስከ ራምፑ ኮረት ተበትኗል፤ ራምፑ ሥር ሞተር ሳይክል ቆሟል። በሩ ሲለካ ከመቃን እስከ መቃን ተለክቷል፤ መለካት ያለበት መዝጊያው ተከፍቶ የሚተርፈው ክፍተት ነው፣ ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር። የትኬት መቁረጫው ጠረጴዛ ከፍታ 1.10 ሜትር ስለሆነ በዊልቸር የተቀመጠ ሰው ለሠራተኛው አይታየውም። በዊልቸር የተቀመጠ አዋቂ ዓይኑ ከወለሉ ከ1.10 እስከ 1.20 ሜትር ላይ ነው፤ ሳንቲምና ጌጣጌጥ በዚያ ከፍታ ላይ በጀርባው ከተዘረጋ የሚያየው የመደርደሪያውን ጠርዝ ነው። ትንንሽ ዕቃ ከ1 ሜትር በላይ አይቀመጥ። ሕፃናትም እግረ መንገዳቸውን ያያሉ።

«ቅርስ ስለሆነ አይነካም።»

ከጅማ አጠገብ ጅሬን ኮረብታ ላይ እንዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለ አሮጌ የእንጨት ቤት አይበሳም፤ እውነት ነው። ግን ምስማር የማይነካው፣ የጎማ ንጣፍ ላይ የሚያርፍ ተነቃይ የእንጨት ራምፕ ማንኛውም አናጺ ይሠራል። ጣውላዎቹ ለመንገዱ አግድም ይሁኑ፤ ክፍተታቸው ከ1 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ አለዚያ የፊት ጎማ ይይዛሉ። ላይኛውን ፎቅ መውጣት ለማይችል ምድር ቤት ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ ይዘጋጅ።

«ዓይነ ስውር ምን ሊያይ ይመጣል?»

ሊዳስስ። ባለ ሦስት እግር በርጩማ በሚጠረብበት ጅማ የሚዳሰስ ቅጂ ማሠራት ችግር ነው ማለት ያሳፍራል። ቅጂው በትክክለኛ መጠኑና በዋናው የእንጨት ዓይነት ይሠራ፤ ክብደቱም ይናገራልና። ብሬል (በጣት የሚነበብ የነጥብ ጽሑፍ) ብቻ ተለጥፎ «ጨርሰናል» አይባልም፦ ዓይነ ስውር ሁሉ ብሬል አያነብም፣ ወረቀት ላይ የተጻፈው ደግሞ በመዳሰስ ብዛት ይተኛል። በስልክ የሚሰማ የአንድ ደቂቃ ገለጻ ይጨመር፤ የዕቃው መጠን፣ ከምን እንደተሠራና ቅርጹ ከታሪኩ ይቅደም።

«አማርኛና እንግሊዝኛ ካለ ይበቃል።»

ከገጠር ለሐሙስ ገበያ የመጣው ሰውና ተማሪው አፋን ኦሮሞ ያነባሉ፤ መጀመሪያ እሱ ይጻፍ። ቁቤ አናባቢና ተነባቢ ስለሚደግም ከአማርኛው ሰፋ ያለ ቦታ ይወስዳል። ይህን ያላሰበ ማተሚያ ቤት ፊደሉን ያሳንሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያነበውም። የፊደሉ መጠን ከ24 ፖይንት አይውረድ፤ ካልበቃ ጽሑፉ ይቀነስ። የሚያብለጨልጭ ወረቀት ይቅር፤ መስታወት ላይ መጻፍም እንዲሁ፣ ጥላው ፊደሉን ያደበላልቀዋል።

«መግቢያው ነፃ ከሆነ ድሃው ይመጣል።»

እንግሊዝ ብሔራዊ ሙዚየሞቿን በ2001 እ.ኤ.አ. ነፃ ስታደርግ የጎብኚው ቁጥር እጅግ ጨመረ፤ የጎብኚው ማኅበራዊ ስብጥር ግን ያን ያህል አልተለወጠም። በመንግሥት የሥራ ሰዓት ብቻ የሚከፈት ሙዚየም ለቀን ሠራተኛ ዝግ ነው፣ ትኬቱ ምንም ይሁን። ጅሬን ለመውጣት የሚከፈለው የባጃጅ ሒሳብም አለ።

«ሳይንስ ማዕከል ውስጥ የሚነካ መሣሪያ ውድ ነው።» ፑሊ፣ ሌንስና ማንሻ ውድ አይደሉም። ጠረጴዛው ሥር 70 ሴንቲ ሜትር የጉልበት ቦታ ይኑር፤ መያዣውም በአንድ የተጨበጠ እጅ የሚገፋ ይሁን።

«ለአካል ጉዳተኞች ልዩ ቀን አለን።» የቀሩት 364 ቀናትስ?

«ይህ ሁሉ ውለታ ነው።» አይደለም። ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መግቢያ እንዲኖረው ያዘዘው የሕንፃ አዋጅ 624 በ2001 ዓ.ም. ወጥቷል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አንቀጽ 30 ላይ ሙዚየምን በስም ይጠራል።

«ባለሙያ አማክረናል።» መሐንዲስ ማለታቸው ነው። በዊልቸር፣ በክራንችና በነጭ በትር የሚሄዱ ሰዎች ይጠሩ፤ ለምርቃት ሳይሆን ራምፑ ገና መሬት ላይ በኖራ ተሠምሮ ሳለ። አበላቸውም እንደ ማንኛውም አማካሪ ይከፈል።