የካናዳ ቪዛ አማካሪ ማነው?

«የካናዳ ፕሮሰስ እንጨርሳለን» የሚል ማስታወቂያ በየቦታው ነው። በካናዳ ሕግ ግን ገንዘብ ተቀብሎ ስለ ቪዛ ማመልከቻ መምከርም ሆነ አመልካችን መወከል የሚችለው ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ነው፦ በዋናነት የካናዳ ጠበቃ፣ የኩቤክ ክፍለ ሀገር ኖታሪ (የሕግ ባለሙያ ነው) ወይም ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ። አማካሪዎቹን ከ2021 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ የሚቆጣጠራቸው አካል «ኮሌጅ» (በሙሉ ስሙ የኢሚግሬሽንና የዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ) ይባላል። ትምህርት ቤት እንዳይመስላችሁ፤ የሙያ ተቆጣጣሪ ነው። የአባላቱ ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ አለ። ስምና የፈቃድ ቁጥር ጠይቁና ራሳችሁ ፈልጉት።

ወንድም ወይም ጓደኛ በነፃ ቢረዳችሁ ችግር የለውም።

ወኪል ካላችሁ ግን «አይኤምኤም 5476» በሚባለው ፎርም ላይ ማሳወቅ አለባችሁ። ገንዘባችሁን ተቀብሎ «የኔ ስም አይግባ፣ ራስህ እንዳመለከትክ ይሁን» የሚላችሁን ሰው ተጠንቀቁት። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር እሱ የለም፤ እናንተ አላችሁ።

ብዙ ሰው የሚጎዳውም እዚህ ጋ ነው። ፎርሙን ማንም ይሙላው፣ ተጠያቂው አመልካቹ ነው። ሐሰተኛ የባንክ ስቴትመንት ወይም የሥራ ልምድ ከተገኘ «ኤጀንቱ ነው ያስገባው» ማለት ብዙ ጊዜ አያድንም። ቅጣቱ ለ5 ዓመት ካናዳ እንዳይገቡ መታገድ ነው። አምስት ዓመት! ስለዚህ ከመላኩ በፊት እያንዳንዱን ገጽ አንብቡ፣ ኮፒውንም ያዙ። የማመልከቻውን አካውንት ፓስወርድ ለሌላ ሰው ብቻ አትተዉ።

ፎርሞቹ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ። ወኪል መቅጠርም ማመልከቻውን አያፈጥነውም።