ሮሳሊያ ደ ካስትሮ፦ የጋሊሲያ ድምፅ

ጋሊሲያ በስፔን ሰሜን ምዕራብ ጥግ ላይ ያለች፣ ዝናብ የማይለያት፣ ውቅያኖስ ዳር የተዘረጋች አረንጓዴ ምድር ናት። የራሷ ቋንቋ አላት፤ ጋሌጎ ይባላል። ከፖርቱጋልኛ ጋር እህትማማች ነው። አንድን ጋሊሲያዊ "ገጣሚያችሁ ማን ነው?" ብትሉት ሳያመነታ "ሮሳሊያ" ይላችኋል። የአባት ስም አይጨምርም።

ታሪኳም የሚጀምረው ከአባት ስም ነው። ሮሳሊያ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1837 በሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። እናቷ ማሪያ ቴሬሳ ደ ካስትሮ የባላባት ዘር ነበረች። አባቷ ሆሴ ማርቲኔዝ ቪዮሆ ደግሞ የካቶሊክ ቄስ። የካቶሊክ ቄስ አያገባም፤ ልጅም ሊኖረው አይገባም። ስለዚህ ሕፃኗ ክርስትና ስትነሳ መዝገቡ ላይ "ወላጆቿ ያልታወቁ" ተብሎ ተጻፈ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ልጅ የሚገባው የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ነበር። እዚያ የገባ ሁሉ ቁጥር ይሰጠዋል። መዝገቡ ስለ ሮሳሊያ የሚለው ግን ሌላ ነው፦ ሕፃኗን ክርስትና እናቷ ይዛት ሄዳለች፤ ማሳደጊያ ስላልገባችም ቁጥር የላትም። ያቺ ክርስትና እናት የእናቷ አገልጋይ ነበረች።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ኦርቶኞ በሚባል ገጠር በአባቷ ዘመዶች ቤት አደገች። ጋሌጎን የጠገበችው እዚያ ነው። በኋላ እናቷ ሐሜቱን ችላ ወሰደቻት። መጀመሪያ ፓድሮን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ቀጥሎም ሳንቲያጎ አብረው ኖሩ። ሳንቲያጎ ውስጥ የወጣቶች ማኅበር ገብታ ቲያትር ትሠራ ነበር። በ1853 አካባቢ ደግሞ ጋሊሲያን ክፉ ረሃብ መታት፤ ከየገጠሩ የፈለሱ ገበሬዎች የከተማዋን ጎዳና ሞሉት። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በኋላ ግጥሟ ውስጥ የምናገኛቸው የተራቡ እናቶችና በር የተዘጋባቸው ድሆች ከሐሳብ ብቻ የመጡ አይመስለኝም።

በ1856 ማድሪድ ሄደች። በዓመቱ "ላ ፍሎር" የተባለች የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፏን በስፓኒሽ አሳተመች። መጽሐፏን አንብቦ በጋዜጣ ያሞገሳት ማኑኤል ሙርጊያ የሚባል ወጣት ጋሊሲያዊ ጸሐፊ ነበር። በ1858 ተጋቡ። ሙርጊያ በኋላ ትልቅ የታሪክ ሰው ሆነ፤ በ1906 የተመሠረተው የጋሊሲያ ቋንቋ አካዳሚም የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ነው። ትዳራቸው ከከተማ ከተማ በመዛወር፣ በገንዘብ እጥረትና በሕመም የተፈተነ ነበር። ሰባት ልጆች ወለደች። አንዱ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከጠረጴዛ ላይ ወድቆ ሞተ። የመጨረሻዋ ሞታ ተወለደች።

አሁን ወደ ቋንቋው እንምጣ፤ ሮሳሊያ የሠራችውን ለመረዳት እሱ ያስፈልገናል። ጋሌጎ በመካከለኛው ዘመን የተከበረ የግጥም ቋንቋ ነበር። የካስቲያ (የመካከለኛው ስፔን ግዛት) ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ ሳይቀር ለድንግል ማርያም የሚዘመሩ ግጥሞችን ያስጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነው። ከዚያ ቤተ መንግሥቱም ፍርድ ቤቱም ወደ ስፓኒሽ ዞረ። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በጋሌጎ መጻፍ ቀረ ማለት ይቻላል። ጋሊሲያዎች ይህን ጊዜ "የጨለማ ዘመናት" ይሉታል። ቋንቋው ግን አልሞተም። ማሳ ላይ፣ ወፍጮ ቤት፣ ምድጃ ዳር ይነገር ነበር። ችግሩ ከተማ የገባና ፊደል የቆጠረ ሰው በእሱ ማውራት ማፈሩ ነው።

በ1863 "ካንታሬስ ጋሌጎስ" በቪጎ ከተማ ታተመ። ትርጉሙ "የጋሊሲያ ዘፈኖች" ማለት ነው፤ ይዘቱም ስሙን ይመስላል። ሮሳሊያ ከሕዝብ አፍ ሁለት ሦስት ስንኝ ትወስዳለች። ከዚያ ስንኞቹን እንደ አዝማች ይዛ ዙሪያቸውን ሙሉ ግጥም ትሠራለች። መጽሐፉን የሚከፍተው ዝፈኚ ተብላ የምትለመን አንዲት የገጠር ልጅ ናት። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን ደወል አለ፤ የንግሥ በዓል፣ ጋይታ የሚባለው የአቁማዳ ዋሽንት ድምፅ፣ የኮረዳ ሽሙጥ፣ ለቅዱሳን የሚቀርብ ስለት አለ። በመግቢያው ላይ ይህን ቋንቋ ያለ ሰዋስውና ያለ ሕግ እንደተማረች፣ ትምህርት ቤቷም የአገሯ ገበሬዎች እንደሆኑ በግልጽ ጽፋለች። እውነቷን ነው፤ የምትከተለው መዝገበ ቃላትም ሆነ የሰመረ አጻጻፍ አልነበራትም። አንዱን ቃል አንድ ቦታ በአንድ መልክ፣ ሌላ ቦታ በሌላ መልክ ትጽፈዋለች። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። የሰማችውን ለመጻፍ ሕግ እስኪወጣ አልጠበቀችም።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እስከ ዛሬ ሰው በቃሉ የሚወጣው አንድ የስንብት ግጥም አለ። አገሩን ጥሎ የሚሄድ ወጣት ወንዞቹን፣ ምንጮቹን፣ ትንንሾቹን ጅረቶች ሳይቀር አንድ በአንድ ይሰናበታል። መቼ እንደሚያያቸው አያውቅም። ጋሊሲያዎች "ሞሪኛ" የሚሉት ስሜት አላቸው፤ ለእኛ ናፍቆትና ትዝታ አንድ ላይ ቢቆሙ ይደርስበታል። ግጥሙ ያንን ስሜት ስሙን ሳይጠራ ያመጣዋል።

ስደቱ የፈጠራ ጉዳይ አልነበረም። በጋሊሲያ መሬቱ ለልጅ ልጅ እየተቆራረሰ ማሳው ከጓሮ የማይሻል ሆኖ ነበር። ግብር አለ፣ የመሬት ኪራይ አለ፣ ፋብሪካ የለም። ወንዱ በበጋ ስንዴ ሊያጭድ ወደ ካስቲያ ይወርዳል። የባሰበት ደግሞ ወደ ኩባና ወደ አርጀንቲና ይሳፈራል። ከብዛታቸው የተነሳ አርጀንቲና ውስጥ እስከ ዛሬ ማንኛውም ስፔናዊ "ጋዬጎ" ይባላል።

የሄደው ዘፈን ወጣለት፤ የቀረችዋስ? የሮሳሊያ ትልቁ መጽሐፍ ይህን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። በ1880 የታተመው "ፎያስ ኖቫስ" (አዲስ ቅጠሎች) አምስት ክፍሎች አሉት። የመጨረሻው ክፍል "የሕያዋን መበለቶችና የሙታን መበለቶች" ይላል። የሕያዋን መበለት ማለት ባሏ በሕይወት እያለ ባል የሌላት ሴት ናት። አልሞተም፤ ስለዚህ ማቅ አትለብስም፣ ሌላም አታገባም። አልተመለሰም፤ ስለዚህ ማሳው የእሷ ነው፣ ልጆቹም የእሷ ናቸው። በአንዱ ግጥም እንዲህ ያለች ሴት ትናገራለች። ሸማዋን ብቻዋን ሸምናለች። ጓሮዋን ብቻዋን ዘርታለች። እንጨቱን ከተራራ የምታመጣው ብቻዋን ነው፤ ምድጃው ውስጥ ሲነድም የምታየው ብቻዋን። "ብቻዬን" የሚለው ቃል በየስንኙ ይመለሳል። ለቅሶ የለበትም፤ የሥራ ዝርዝር ነው። ሐዘኑ የሚሰማን ዝርዝሩ አላልቅ ሲል ነው።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ግጥም አለ፤ አንብቤው ቶሎ ልረሳው ያልቻልኩት። በከተማው የተከበሩ የሚባሉ ሰዎች አንዲትን ድሃ ሴት ንጽሕናዋን፣ ልብሷንና ቤቷን ይቀሟታል። ሜዳ ላይ ታድራለች፤ ልጆቿም በረሃብ ይሞታሉ። ዳኞች ዘንድ ሄዳ ጮኸች፤ ሳቁባት። እግዚአብሔርን ጮኻ ጠራች፤ ከከፍታው አልሰማትም። ከዚያ ማጭድ አነሳች። ሣሩ እንኳ ሳይሰማት ወደ ቤታቸው ገባች፤ በአንድ ምት ጨረሰቻቸው፤ አጠገባቸው ተቀምጣም ንጋትን ጠበቀች። ይህን በ1880 የጻፈች ሴት "የለስላሳ እንጉርጉሮ ገጣሚ" ተብላ ለብዙ ዘመን በትምህርት ቤት መማሪያ መጻሕፍት መተዋወቋ ያስቆጨኛል።

ልብ ወለዶችም አሏት፤ አምስት ያህል፣ ሁሉም በስፓኒሽ። ከሁሉም በላይ የሚጠቀሰው የ1867ቱ "የሰማያዊ ቦት ጫማው ባላባት" ነው።

በ1881 ችግር መጣ። በማድሪድ ጋዜጣ ላይ ስለ ጋሊሲያ ልማዶች ስትጽፍ፣ በአንዳንድ የባሕር ዳር መንደሮች ከረጅም ጉዞ ለተመለሰ መርከበኛ ከቤቱ ሴቶች አንዷን ለአዳር የማቅረብ ልማድ እንደነበረ አነሳች። አገሯ ያሉ ጋዜጦች ተነሱባት፤ አዋረደችን አሉ። የተነሳባት ዕድሜዋን የሰጠችለት ሕዝብ መሆኑ ነው ልብ የሚሰብረው። ለባሏ በጻፈችው ደብዳቤ የፈለገውን ያህል ገንዘብ ቢቀርብልኝ ከእንግዲህ በጋሌጎ አልጽፍም አለች። ቃሏንም ጠበቀች። በ1884 የወጣው የመጨረሻ የግጥም መጽሐፏ "በሳር ወንዝ ዳርቻ" በስፓኒሽ ነው።

በጁላይ 15 ቀን 1885 ፓድሮን ውስጥ በማሕፀን ካንሰር ሞተች። አርባ ስምንት ዓመቷ ነበር። ያልታተሙ ጽሑፎቿ እንዲቃጠሉ አዝዛ ነበር፤ ልጆቿም አቃጠሏቸው። በመጨረሻዋ ሰዓት "መስኮቱን ክፈቱልኝ፣ ባሕሩን ማየት እፈልጋለሁ" አለች ይባላል። ከዚያ ቤት ግን ባሕር አይታይም። መቀበር የፈለገችው በግጥሟ ባነሳችው በአዲና መካነ መቃብር ነበር፤ የተቀበረችውም እዚያ ነው። በ1891 ግን አጽሟ ወጥቶ በክብር ወደ ሳንቲያጎ፣ ወደ ቦናቫል ገዳም ተዛወረ።

በ"ካንታሬስ ጋሌጎስ" ውስጥ መጽሐፉን ለሌላ ሰው መታሰቢያ ያደረገችበት ጽሑፍ የተፈረመው ሜይ 17 ቀን 1863 ነው። በመቶኛ ዓመቱ፣ በ1963፣ አካዳሚው ያንን ቀን የጋሊሲያ ሥነ ጽሑፍ ቀን አድርጎ ሰየመው፤ ዛሬ በጋሊሲያ ሥራ የሚዘጋበት በዓል ነው። በየዓመቱም አንድ ያረፈ ደራሲ ይታሰብበታል። ምስሏ ቀደም ሲል፣ ስፔን በዩሮ ከመተካቷ በፊት በምትጠቀምበት ገንዘብ፣ በ500 ፔሴታ ኖት ላይ ነበር። ፓድሮን ያለው የድንጋይ ቤቷ ሙዚየም ሆኗል። በ2019 ደግሞ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ከምድር ርቆ ለሚገኝ አንድ ኮከብና ለፕላኔቱ ስም ሲያወጣ፣ ኮከቡ "ሮሳሊያ ደ ካስትሮ" ተባለ። በዙሪያው የሚዞረው ፕላኔት ስሙ "ሪዮሳር" ነው፤ በፓድሮን በኩል የሚያልፈው የሳር ወንዝ።