የደም ቅባት እና የቀይ የደም ሕዋስ ሽፋን

በቀይ የደም ሕዋስ ሽፋን ላይ ምን ያህል ኮሌስትሮል እንደሚኖር በአመዛኙ የሚወስነው ሕዋሱ የሚዋኝበት ደም ነው። የበሰለ ቀይ ሕዋስ ኒውክለስ የለውም፣ ኮሌስትሮልም ራሱ አይሠራም፤ ያለውን ከፕላዝማው፣ ማለትም ከደሙ ፈሳሽ ክፍል ጋር እየተቀባበለ 120 ቀን ያህል ይኖራል።

ድሬዳዋ ላይ ጠዋት ቅቤና ማር የጠገበ ፈጢራ በልቶ ረፋዱን ለምርመራ ደም ሊሰጥ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። የላብራቶሪ ባለሙያው ቱቦውን ደም አሽከርክሮ ከሚለየው ሴንትሪፉጅ ሲያወጣው ቀዩ ከታች ዘቅጧል። ከላይ ያለው ፕላዝማ ግን ጠራ ያለ ቢጫ መሆኑ ቀርቶ አንዳንዴ ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል። ያደፈረሰው ትራይግሊሰራይድ የተባለው የቅባት ዓይነት ነው። ድፍርሱ ብርሃን ስለሚበትን የደም መመርመሪያው መሣሪያ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ካለው በላይ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ፕላዝማው ከጠራ ቅባትም የለኝም ይላል። ኮሌስትሮል የሚሸከመው ኤልዲኤል የተባለው ቅንጣት በጣም ደቃቅ ስለሆነ ቢበዛም ፕላዝማውን አያደፈርስም። የሕዋሱን ሽፋን የሚያደነድነው ደግሞ በዋናነት ኮሌስትሮሉ ነው።

ሽፋኑ ፎስፎሊፒድ የተባለ ቅባት ድርብ ንጣፍ ሲሆን ኮሌስትሮሉ በመሃል በመሃሉ ይሰካል፤ ከሥር ስፔክትሪን የተባለው ፕሮቲን እንደ መረብ ይይዘዋል። የሕዋሱ ስፋት ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ነው። ከሚያልፍባቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች አንዳንዶቹ ከእሱ ይጠባሉ፤ ጣፊያ ውስጥ ያሉት ክፍተቶች ደግሞ ከ1 እስከ 2 ማይክሮሜትር ብቻ ናቸው። ስለዚህ መታጠፍና መሾለክ አለበት። ኮሌስትሮል ሲበዛበት ሽፋኑ ይገተራል፣ ሕዋሱም እንደ ልቡ አይታጠፍም፤ ደሙም በጠባቡ መንገድ ላይ ይከብዳል። የድሬዳዋ ሙቀት በላብ ውኃ ሲያሳጣ ደም የሚወፍረው ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ ሁለቱ ሊደራረቡ ቢችሉም መምታታት የለባቸውም።

ኮሌስትሮሉ ከፍ ባለበት ተራ ሰው ላይ ለውጡ በአብዛኛው መለስተኛ ነው፤ በማይክሮስኮፕም ላይታይ ይችላል። ጎልቶ የሚወጣው በጉበት ሕመም ነው። ኮሌስትሮልና ፎስፎሊፒድ አብረው ሲጨምሩ ሽፋኑ ለሕዋሱ ይሰፋዋል፤ መሃሉ ነጥብ ያለው ዒላማ መሳይ ሕዋስ ይፈጠራል። ኮሌስትሮሉ ለብቻው ሲበዛ ግን ሕዋሱ እሾህ ያወጣል፣ ጣፊያም ያለ ጊዜው ይሰባብረዋል፤ በሽተኛው ደሙ ያንሳል።

ሌላም መዘዝ አለ። በተጠራቀመ ስብ በወፈረ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ደም ሲፈስ፣ የሞቱት ቀይ ሕዋሳት ሽፋን በኮሌስትሮል የበለጸገ በመሆኑ ክምችቱን ይጨምረዋል።

ደግነቱ ኮሌስትሮል በገባበት መንገድ ይወጣል። በላብራቶሪ ቱቦ ውስጥ በሽፋኑና በፕላዝማው መካከል ያለው ልውውጥ በሰዓታት የሚለካ ነው፤ የደሙ ኮሌስትሮል ሲወርድ ሽፋኑም የያዘውን ትርፍ መልሶ ይለቃል።