ስለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ብዙ ሰው የሚያውቀው መፍትሔ አንድ ነው፦ ወስዶ ፎርማት ማስደረግ። ገንዘብ ይወጣል፣ ፋይል ይጠፋል፣ ችግሩም ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይመጣል። ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም ኮምፒውተሩንና ፕሮግራሞቹን የሚያስተዳድረው ዋናው ሶፍትዌር፣ ምን እንደሚሠራ በመጠኑ ብናውቅ አብዛኛው ጣጣ ይቀርልን ነበር። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

“ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት ዊንዶውስ ነው”

ዊንዶውስ አንዱ ነው። ማክኦኤስ፣ ሊኑክስ፣ የስልካችን አንድሮይድና አይኦኤስም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ናቸው። እንዲያውም አንድሮይድ የቆመው ሊነስ ቶርቫልድስ በፊንላንድ ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በጀመረው የሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። ከርነል ማለት ፕሮሰሰሩን (ስሌት የሚሠራውን)፣ ራሙን (የተከፈተ ነገር ለጊዜው የሚቀመጥበትን) እና ማከማቻውን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው የውስጠኛው ክፍል ነው። ወርድና ኤክሴል እዚህ ውስጥ የሉበትም፤ በላዩ የሚጫኑ ፕሮግራሞች ናቸው።

“አፖችን ቶሎ ቶሎ መዝጋት ስልክ ያፈጥናል”

ቴሌግራም አይቶ ሲጨርስ ሁሉንም ጠራርጎ የሚዘጋ ሰው ብዙ ነው። አንድሮይድም አይኦኤስም የማንጠቀምበትን አፕ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ያስተኙታል። ራም ላይ ይቀመጣል እንጂ ፕሮሰሰሩን አይሻማም። ቦታ ሲጠብ ሲስተሙ ራሱ ያስወጣዋል። እኛ ከዘጋነው ግን በሚቀጥለው ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል፤ ይሄ ጊዜም ባትሪም ይፈጃል። ሃንግ ያደረገ አፕ ካለ እሱን ብቻ ዝጉት። ራም እናጸዳለን የሚሉትን አፖች ደግሞ ባትጭኗቸው ይሻላል።

“ማታ ማታ ስለማጠፋው ሪስታርት አያስፈልገውም”

ይሄኛው ብዙ ሰው ያሳስታል፤ አይፈረድበትምም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ፤ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ሳንነካውም የበራ ነው። ሻት ዳውን ስትሉ የከፈታችኋቸው ፕሮግራሞች ይዘጋሉ። ከርነሉ ግን የነበረበት ሁኔታ ዲስክ ላይ ይቀመጥና ጠዋት ከዚያው ይቀጥላል። ትናንት የተዛባ ድራይቨር (እንደ ፕሪንተር ያለ ዕቃን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ዛሬም እንደተዛባ ሊነሳ ይችላል። ሪስታርት ግን ሁሉንም እንደ አዲስ ያስነሳል።

በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። በሚከፈተው መስኮት ፐርፎርማንስ ውስጥ ገብታችሁ ሲፒዩ የሚለውን ምረጡ። ከታች አፕ ታይም (Up time)፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ የቆየበት ጊዜ፣ የሚል አለ። በየማታው ስታጠፉት የቆያችሁት ኮምፒውተር ለቀናት ሳይጠፋ እንደቆየ አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። ስለዚህ ፕሪንተር አልታይ ሲል ወይም ድምፅ ሲጠፋ፣ ከፎርማት በፊት ሪስታርት።

“ዲሊት ካደረግኩት ጠፍቷል”

ፋይል ስናጠፋ ሲስተሙ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ቦታውን ‘ነፃ ነው’ ብሎ መመዝገብ ብቻ ነው። ከግምጃ ቤቱ መዝገብ ላይ ስሙ ተሰረዘ እንጂ ዕቃው መደርደሪያው ላይ ነው። ሌላ ፋይል እስኪጻፍበት ድረስ በሪከቨሪ ፕሮግራም ሊመለስ ይችላል፤ በተለይ ከፍላሽና ከሚሞሪ ካርድ። በስህተት ፎቶ ካጠፋችሁ እንግዲህ በካርዱ ፎቶ ማንሳታችሁን ወዲያው አቁሙ። ፍላሹን ለሌላ ሰው የምትሰጡ ከሆነ ደግሞ በዊንዶውስ ፎርማት ስታደርጉ ፋይሉ በእውነት እንዲጠፋ ኩዊክ ፎርማት ላይ ያለውን ምልክት አጥፉት።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽ ሰክቶ የሚያውቅ ሰው ሾርትከት ቫይረስን ያውቀዋል። ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ይገኛሉ፤ ባለቤቱም “ፋይሌ አለቀ” ብሎ ፍላሹን ፎርማት ያደርጋል። ያሳዝናል፤ ፋይሉ ብዙውን ጊዜ እዚያው ነውና። ቫይረሱ ያደረገው ፎልደሩን መደበቅና በቦታው ራሱን የሚያስነሳ ሾርትከት ማስቀመጥ ነው። ሾርትከቱን አትክፈቱ። መጀመሪያ በአንቲቫይረስ ስካን አድርጉ። ከዚያ በፎልደር ኦፕሽንስ የተደበቁ ፋይሎችን፣ የሲስተም ተብለው የተደበቁትንም ጭምር፣ እንዲያሳያችሁ አድርጉና ኮፒ አድርጋችሁ አውጡ።

“አፕዴት ዳታ ከመብላት በቀር ጥቅም የለውም”

ዳታ መብላቱ እውነት ነው። ግን እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በብዙ አገሮች ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ኮምፒውተራችሁ አይቆምም፤ የደኅንነት አፕዴት ነው የሚቀርበት። ዊንዶውስ 11 የሚችል ከሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ወስዳችሁ አሳድጉት። ካልቻለ ሊኑክስ ሚንትን በፍላሽ አስነስታችሁ ሞክሩት፤ ሳትጭኑት ማየት ይቻላል።