ኖይዝ ምንድን ነው? የአውሮፕላን ሞተር ሙቀት ልኬትን የሚያናውጠው ረብሻ

ደብረ ብርሃን ስናድግ ከቤታችን ጀርባ ብየዳ ቤት ነበር። በያጁ ሥራ በጀመረ ቁጥር የአባቴ ሬዲዮ ይንጫጫል። ዜና አንባቢው ይዋጣል። አባቴ "ይኸው ጀመረ!" ይልና ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ጫጫታውም አብሮ ከፍ ይላል። ሬዲዮው በድንጋይ ነበር የሚሠራው። ከብየዳ ቤቱ ጋር የሚያገናኘው አንድም ሽቦ አልነበረም።

ያ ጫጫታ ኖይዝ ይባላል። የኤሌክትሪክ ረብሻ ብንለውም ያስኬዳል። ከምንፈልገው ሲግናል ጋር ተቀላቅሎ የሚገባ፣ ማንም ያልጠራው ኤሌክትሪክ ነው። ሬዲዮ ላይ ጆሮ ያደክማል። አውሮፕላን ላይ ግን ለአብራሪው የተሳሳተ የሞተር ሙቀት ሊያሳየው ይችላል።

ከሞተሩ የሚወጣው ጋዝ ብዙ መቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ያንን የሚለካው ሴንሰር ቴርሞካፕል ነው። ሁለት የተለያዩ ቅይጥ ብረቶች፣ ብዙ ጊዜ ክሮሜልና አሉሜል፣ ጫፍ ለጫፍ ይበየዳሉ። የተበየደው ጫፍ ሲግል በሌላው በኩል ትንሽ ቮልቴጅ ይገኛል። ይህ ክስተት በ1821 እ.ኤ.አ. ባገኘው በጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ በቶማስ ዜቤክ ስም ይጠራል።

ችግሩ ያለው "ትንሽ" የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ክሮሜልና አሉሜል ለ1 ዲግሪ የሚሰጡት 41 ማይክሮቮልት ገደማ ነው። ሙቀቱ 600 ዲግሪ ሲደርስ ገና 25 ሚሊቮልት አካባቢ ነን። የአባቴ ሬዲዮ አንዷ ድንጋይ ብቻዋን 1.5 ቮልት ነበራት፤ የዚህ 60 እጥፍ ማለት ነው። እዚህ ላይ ግማሽ ሚሊቮልት ረብሻ ቢጨመር ሙቀቱን ለአብራሪው የሚያሳየው ጌጅ 12 ዲግሪ ያህል ይስታል።

ሞተሩ አካባቢ ደግሞ ረብሻ ሞልቷል። ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ኢግናይተር በሺዎች በሚቆጠር ቮልት ብልጭታ ይተፋል፤ ከብየዳው ብልጭታ ጋር ዘመድ ናቸው። በትልልቅ አውሮፕላኖች ውስጥ በሰከንድ 400 ዑደት የሚመላለስ 115 ቮልት የተሸከሙ የኃይል ገመዶች አሉ። የሬዲዮ ማሰራጫውም አለ።

እኔ በጣም የምወደው መፍትሔ ከሁሉም ቀላሉ ነው፦ ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ መግመድ። ገመድ ስሙን ያገኘው ከመግመድ አይደል? መንዝ ያለችው አያቴ የበግ ፀጉር ፈትላ ሁለት ክር ደርባ ስታከር አይቻለሁ። አንዱ ክር አንዴ ከላይ ይሆናል፣ አንዴ ከታች። ሽቦውም እንደዚያው ነው። በአጠገቡ ያለፈ የኃይል ገመድ መግነጢሳዊ መስክ በአንዱ ጥምዝ ላይ የፈጠረውን ቮልቴጅ፣ በቀጣዩ ጥምዝ ላይ የፈጠረው ተቃራኒ ቮልቴጅ ያጠፋዋል። ሽቦዎቹ ጎን ለጎን ከተዘረጉ ግን በመካከላቸው ያለው ክፍተት ረብሻ መሰብሰቢያ ይሆናል። ጠበቅ አድርጎ መግመድ ይሻላል። ከኃይል ገመዶች ማራቅም እንዲሁ።

ቀጥሎ ሺልድ አለ። ከቀጫጭን ሽቦ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ገመዱን የሚያለብስ ነው። የሚመጣበትን ረብሻ ተቀብሎ ወደ አውሮፕላኑ አካል፣ ማለትም ወደ ግራውንድ ይሰደዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱንም ጫፍ ግራውንድ ማድረግ የበለጠ ጥንቃቄ ይመስላል። ነገር ግን ሞተሩ ጋ ያለው ግራውንድና ኮክፒቱ (የአብራሪው ክፍል) ጋ ያለው ግራውንድ ቮልቴጃቸው እኩል ላይሆን ይችላል። ልዩነቱ በሺልዱ ውስጥ ከረንት ይነዳል። መከታው ራሱ ረብሻ አመጣ ማለት ነው! ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት ደካማ ሲግናል ብዙ ጊዜ አንዱ ጫፍ ብቻ ይታሰራል። የትኛው እንደሆነ የአምራቹ ማንዋል ይናገራል።

ፊልተርም አለ። ሙቀት በዝግታ ይለወጣል፤ ረብሻ ግን በፍጥነት ይርገበገባል። ፊልተሩ ፈጣኑን ያስቀራል። ከበዛ ጌጁም አብሮ ይዘገያል፤ ሞተር ሲነሳ ሙቀቱ በሰከንዶች ውስጥ ሊያሻቅብ ስለሚችል ይህ አደገኛ ነው። በእኔ እምነት ገመዱ ሳይስተካከል ወደ ፊልተር መሮጥ ልክ አይደለም።

ሺልዱን መፈተሽ ከባድ አይደለም። ኃይሉ ይጠፋል፣ የታሰረው ጫፍ ይፈታል። ከዚያ በሺልዱና በአውሮፕላኑ አካል መካከል በመልቲሜትር ይለካል፤ መሣሪያው ሁለቱ ከተገናኙ ጢጥ በሚልበት ቦታ ላይ ይደረጋል። ጢጥ ካለ የገመዱ ሽፋን የሆነ ቦታ ተልጦ ሺልዱ ብረት ነክቷል። መጀመሪያ ገመዱን አጥብቀው የያዙት ክላምፖች ሥር ይታይ፤ ንዝረቱ ገመዱን የሚፈገፍገው እዚያ ነው።