ተቀጥቅጦ የተሠራ የጎልፍ ብረት ምንድን ነው?

ሰሞኑን ስለ ጎልፍ የሚጽፉ አንድ ሰው ወደ ተቀጠቀጠ ብረት፣ ማለትም ተቀጥቅጦ ወደ ተሠራ የጎልፍ ዱላ፣ የተሸጋገሩ ተጫዋቾችን ልምድ ሲያብራሩ፣ ለስላሳው ብረት ኳሱን ለአፍታ አቅፎ ይይዘውና አርቆ ይልከዋል ብለው ጻፉ። አባባሉን ከዚህ ቀደምም አይቼ አልፌዋለሁ። ጅማ የጎልፍ ከተማ አይደለችምና ዝም ብል የሚጠይቀኝ አልነበረም። ነገር ግን ከውጭ አገር ለዕረፍት የሚመጡ ወዳጆች ቦርሳቸውን ከፍተው «ይህ እኮ የተቀጠቀጠ ነው» እያሉ ባሳዩኝ ቁጥር፣ ብረታ ብረት በማስተምርበት ክፍል ውስጥ የማርመው ስህተት ደጅ ወጥቶ በውድ ዋጋ ሲሸጥ ማየት ሰለቸኝ።

ስለ አሠራሩ ብዙ አልልም። የተቀጠቀጠው የሚሠራው እንዲህ ነው፦ እስኪቀላ የጋለ የብረት ቁራጭ በቅርጽ ማውጫዎች መካከል ደጋግሞ ተመትቶ የዱላ ራስ ይሆናል፤ ከዚያ ትርፉ ይቆረጣል፣ አንገቱ ይበሳል፣ ይሞረዳል፣ ክሮም ይቀባል። በሌላው፣ በፈሰሰው፣ የቀለጠ ብረት በሰም ተመስሎ በተሠራ የሸክላ ቅርፊት ውስጥ ፈስሶ ይረጋል። የሚቀጠቀጠው ብዙውን ጊዜ ካርቦኑ ከ0.20 እስከ 0.25 በመቶ የሆነ ተራ ብረት ነው፤ የሚፈሰው ደግሞ 17 በመቶ ክሮሚየምና 4 በመቶ ኒኬል እንዳለበት እንደ 17-4 ያለ የማይዝግ ብረት። ስለዚህ ሁለቱን ዱላዎች ይዞ «አሠራራቸውን አወዳደርኩ» የሚል ሰው ሳያውቀው የብረቱን ዓይነትም አወዳድሯል። አብዛኛውን ጊዜ ቅርጹንም።

ለስላሳነትን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር ፈጽሞ አልስማማም። ብረት ለስላሳ ነው ሲባል በቀላሉ ይታጠፋል፣ በቀላሉ ይጫራል ማለት ነው። ሲመታ ረግቦ ይመለሳል ማለት አይደለም። ምን ያህል እንደሚረግብ የሚወስነው የመለጠጥ ልኬቱ ነው፤ እርሱም ለካርቦን ብረት 200 ጊጋፓስካል አካባቢ ሲሆን የማይዝገው ከዚያ እምብዛም አይርቅም። የፈለገውን ያህል ቢቀጠቀጥ ይህ ቁጥር ንቅንቅ አይልም። ኳሱና የዱላው ፊት የሚነካኩት ለግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ በዚያች ቅጽበት የሚጨፈለቀው ኳሱ ነው። የምቱ ስሜት በዘንጉ በኩል እጅ ደርሶ አእምሮ እስኪረዳው ኳሱ ከፊቱ ተለይቶ ሄዷል። ማቀፍም መያዝም የሚባል ነገር የለም።

ታዲያ የተሸጋገሩት ሰዎች የሚሰማቸው ነገር ቅዠት ነው? አይደለም። አብዛኛው ግን በጆሮ የሚገባ ነው። ከኳሱ ጀርባ ወፍራም ብረት ያለበት ዱላ ድምፁ ዝቅ ብሎ ቶሎ ይጠፋል፤ ፊቱ ቀጭን፣ ጀርባው የተቦረቦረ ዱላ ደግሞ ይጮኻል። ይህ የውፍረትና የቅርጽ ጉዳይ ነው። ጆሮውን ደፍኖ የሚመታ ሰው ስለ «ስሜት» የሚናገረው ነገር በጣም ያጥራል።

የጅማ ሰው ነገሩን በቡና ያውቀዋል። ጅማ 5 በሚል ደረጃ የሚሸጠው ደረቅ ቡና በዓለም ገበያ ከተራው ተርታ ሲመደብ፣ የሊሙ የታጠበ ቡና ስም አለው። ከዚህ ተነሥቶ ጥራቱን ያመጣው ውኃው ነው የሚል ሰው ግን አጋሮ አካባቢ በለቀማ ወቅት ቆሞ አላየም። ቡናው ወደ ማጠቢያ ጣቢያ የሚሄድ ከሆነ ቀዩ እሸት ይመረጣል፣ ሳያድር ይፈለፈላል፣ በአልጋ ላይ እየተገላበጠ ይደርቃል። ደረቁ ግን ብዙ ጊዜ አረንጓዴው ከቀዩ ተቀላቅሎ መሬት ላይ ይሰጣል። ቀዩን ብቻ ለቅሞ በአልጋ ያደረቀ ገበሬ ጀንፈሉ ከስንቱ የታጠበ ቡና ይበልጣል። ከብዙው ሥራ መካከል ውኃው አንድ እርምጃ ነው፤ መቀጥቀጥም እንደዚያው። አምራቹ ለመቀጥቀጡ ገንዘብ ካወጣ ክብደቱን በጥንቃቄ ያመጣጥናል፣ ፊቱን ያስተካክላል፤ ሻጩም ዘንጉን በገዢው ቁመትና አመታት ይለካል። ገዢው ያን ሁሉ ድካም ለመዶሻው ይሰጠዋል። ቡናውን አሳርሮ ለሚቆላ ሰው ደግሞ የታጠበም ያልታጠበም ያው ነው፤ ይህን ለጎልፍ ተጫዋቹ ትቼዋለሁ። ምሳሌው የሚሰናከልበት ቦታ እንዳለ አልክድም፦ መታጠብ ምላስ የሚለየው ጣዕም ይተዋል። ሁለት ዱላዎች በቅርጽ፣ በክብደትና በዘንግ እኩል ሆነው በአሠራር ብቻ ቢለያዩ ግን እጅ ይለያቸዋል ብዬ አልወራረድም።

ብዙዎቹ «ስሸጋገር ርቀት አጣሁ» የሚሉትም እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ዱላዎቹ በቁጥር ይጠራሉ፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ፊቱ ይበልጥ ያጋድላል፣ ኳሱም አጠር ብሎ ይወርዳል። ለርቀት ተብለው የሚሠሩ የዛሬ ዱላዎች ሰባት ቁጥራቸው ፊቱ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ያጋደለ ነው። ብዙዎቹ የተቀጠቀጡ የባለሙያ ዱላዎች ሰባት ቁጥራቸው 34 ዲግሪ አካባቢ ነው። በተከታታይ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ወደ 4 ዲግሪ በመሆኑ፣ ሰውየው ሰባት ቁጥር ይዣለሁ ቢልም በአሮጌዎቹ ዱላዎቹ መለኪያ ስምንት ቁጥር ይዟል። ኳሱ ከፍ ብሎ ይወጣል፣ አጠር ብሎ ይወርዳል። ከዚያ «የተቀጠቀጠ ብረት ርቀት ይቀንሳል» ብሎ ይጽፋል። ሌላው በተቃራኒው ጸሐፊያችን እንዳሉት ያረዝማል ይላል። ሁለቱም ማዕዘኑን አልለኩም። (ከባሕር ወለል አጠገብ ኖሮ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ተጫዋች ደግሞ ኳሱ ሲርቅለት አዲሱን ዱላውን ባያመሰግን ጥሩ ነው፤ በከፍታ ቦታ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ማንኛውም ዱላ ያርቃል።)

«የተቀጠቀጠ ለባለሙያ ብቻ ነው» የሚለውም ከዚሁ ውዥንብር የተወለደ ነው። ከመሃል ውጭ የተመታን ኳስ ይቅር የሚለው፣ ማለትም የአመታቱን ስህተት የሚያቃልለው፣ ክብደቱ ወደ ዳር ዳሩ የተከፋፈለ ራስ ነው። ጀርባው ድፍን የሆነው ቀጭኑ ዱላ ይቅር አይልም፤ እርሱም በአብዛኛው ተቀጥቅጦ ይሠራ ስለነበር ጥፋቱ ወደ አሠራሩ ተላለፈ። ተቀጥቅጠው የተሠሩ፣ ጀርባቸው የተቦረቦረ፣ ለጀማሪም የሚሆኑ ዱላዎች ሞልተዋል። ፒንግ የተባለውን የጎልፍ ዱላ አምራች ኩባንያ የመሠረተው ካርስተን ሶልሃይም መሐንዲስ ነበር፤ ክብደትን ወደ ዳር የመግፋት ሐሳቡን ያስፋፋውም በሚፈስ ብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የፒንግ «አይ 2» ዱላ የፈሰሰ ብረት ነው፤ በጎልፍ ታሪክ በብዛት ከተሸጡት ዱላዎችም አንዱ ነው። እንደ ቅቤ እንዲለሰልስ ያልተቀጠቀጠ ዱላ ሁሉ የበታች ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ምን ሊሉት ነው?

ከሙያዬ የማልደብቀው ነገር አለ። መቀጥቀጥ በብረት ውስጥ የሚቀሩ ጥቃቅን ክፍተቶችን ይዘጋል፣ ቅንጣቶቹንም ወደ ቅርጹ ያፈስሳቸዋል። ይህ በደቂቃ ሺህ ጊዜ ለሚጎተትና ለሚገፋ የሞተር ቢየላ (ፒስተኑን የሚያያይዘው ክንድ) የሕይወት ጉዳይ ነው። የጎልፍ ዱላ ግን በዕድሜው ሙሉ የሚመታው ምት ቢየላው በአንድ ጉዞ ከሚችለው ጋር አይወዳደርም። ያ የቅንጣት ፍሰት ቢሆንም በኋላ ሲሞረድ በከፊል ይቆረጣል፣ ብረቱ ዳግመኛ ሲሞቅም ይለወጣል። ደግሞም «የተቀጠቀጠ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዱላ ሁሉ ከአንድ ቁራጭ የተመታ አይደለም። ፊቱ ብቻ ተቀጥቅጦ በፈሰሰ አካል ላይ የተበየደም ይህንኑ ስም ይዞ ይሸጣል። ሻጩን የቱ ክፍል እንደተቀጠቀጠ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ለስላሳነቱ በእርግጥ የሚጠቅምበት ቦታ አንድ ነው፤ ማጠፍ። ዱላው ከተጫዋቹ ቁመት ጋር ካልተስማማ፣ የካርቦኑን ብረት አንገት ሁለት ዲግሪ ያህል ማጠፍ ቀላል ነው፤ 17-4 ግን ያስቸግራል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። በቀላሉ የሚታጠፍ ነገር ግን ሳይፈለግም ይታጠፋል። በሰው ሠራሽ ሣር ምንጣፍ ላይ ደጋግሞ የሚለማመድ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ማዕዘኖቹን ያስለካ። ዱላዎቹ በቦርሳ ውስጥ እርስ በርስ ሲጋጩ ይሰረጎዳሉ፤ ክሮም ሳይቀቡ የሚሸጡት ጥሬዎቹ ደግሞ ይዝጋሉ። ለጅማ ክረምት እነዚህን የሚመርጥ ሰው ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ዘይት ማስነካት አለበት፤ ያ ከበደኝ ካለ ክሮም የተቀባውን ይግዛ።