«የምደብቀው የለኝም» እና ሌሎች ሐዋሳ ውስጥ የምሰማቸው ነገሮች

ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ሐዋሳ ውስጥ ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ወሬም ይዞ ይመጣል፤ ዊንዶውሱ እስኪጫን ድረስ ቁጭ ብለን ስለ ስልክ፣ ስለ ፌስቡክ፣ ስለ እነ ዙከርበርግ ሀብት እናወራለን። ደጋግሜ ከምሰማቸው መካከል ልክ ያልሆኑትን እነሆ። ከፊሎቹን እኔም ለዓመታት አምኜባቸው ኖሬአለሁ።

«እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም»

በዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ኮምፒውተራችን ተንቀራፈፈ ብለው ጠሩኝ። ሃርድ ዲስኩ ጢም ብሏል። በምን እንደሞላ ስፈልግ ያገኘሁት ቴሌግራም ከደንበኛ የተላከለትን ሁሉ የሚያወርድበትን ፎልደር ነው። ዲግሪ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ ፓስፖርት፣ የቤት ካርታ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የፋይዳ መታወቂያ ከነኪውአር ኮዱ፤ የዓመታት ክምችት። አሠራሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ «በቴሌግራም ላኩልን፣ ፕሪንት እናደርጋለን።» ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል የለውም። ፍላሽ የያዘ ሁሉ እየመጣ ይሰካበታል። ቤቱን የሚይዘው ልጅ ክፋት የለበትም፤ አጥፋ ያለው ሰው ስለሌለ ነው ያላጠፋው።

እነዚያ ሰዎች የሚደብቁት ነገር ነበራቸው? አልነበራቸውም። ዲግሪማ ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። ነገር ግን ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ ፎቶ፣ ፊርማና የመታወቂያ ቁጥር አንድ ፎልደር ውስጥ ከተገኙ ሌላ ሰው አንተን መስሎ ሊዋዋል፣ ሊበደር፣ ሲም ካርድ ሊያስወጣ ይሞክራል። ሕጉ «ግላዊነት» የሚለው ቃል የቢሮ ቃል ስለሆነ ይመስለኛል ጆሯችን ውስጥ የማይገባው። እናቶቻችን የሚሉት ይሻላል፤ ገመና። ገመና ወንጀል አይደለም፣ ደጅ እንዲወጣ የማይፈለግ የቤት ነገር ነው። ገመና የሌለው ቤት ደግሞ አላውቅም።

የዚሁ ወንድም የሆነ አባባል አለ፦ «ከደሃ ምን ይወሰዳል?» እኔ የሚታየኝ ተቃራኒው ነው። ገንዘብ ያለው ሰው አካውንቱ ቢጠለፍበት የሚያውቀው ሰው ጋ ደውሎ፣ ጠበቃም ይዞ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። አሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጥ ሴት ሲም ካርዷ በሌላ ሰው እጅ ቢገባ ግን ሒሳቧም፣ የደንበኞቿ ስልክም አብሮ ይሄዳል፤ እሱን ለማስመለስ ወረፋ የምትቆምበት እያንዳንዱ ቀን ዓሣ ያልሸጠችበት ቀን ነው።

«ኢሜይል አልጠቀምም፣ አይመለከተኝም»

አንድሮይድ ስልክ ከያዝክና ከፕሌይ ስቶር አፕ ካወረድክ ኢሜይል አለህ። ምናልባት አታውቀው ይሆናል እንጂ። ስልኩን የሸጠልህ ልጅ ጂሜይል አውጥቶልህ፣ የይለፍ ቃሉን ራሱ መርጦ፣ መጠባበቂያ ስልክ ላይ የራሱን ቁጥር አስገብቶ ሊሆን ይችላል። ፎቶህም፣ የስልክ ማውጫህም እዚያ አካውንት ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ዛሬውኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ የማን ቁጥር እንዳለ እይ።

«ፌስቡክ ነፃ ነው»

ሜታ፣ ማለትም የፌስቡክ፣ የኢንስታግራምና የዋትስአፕ ባለቤት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ያስገባው ገቢ 164.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ ከማስታወቂያ የመጣ ነው። ኩባንያው በዚያው ዓመት መጨረሻ በቀን 3.35 ቢሊዮን ሰው አገልግሎቶቹን እንደሚጠቀም ገልጿል። ብታካፍለው በዓመት በነፍስ ወከፍ 49 ዶላር አካባቢ ይመጣል። አሜሪካዊው ከዚህ ብዙ እጥፍ ያስገባል፣ የሐዋሳው ሰው ደግሞ በጣም ያነሰ፤ ምክንያቱም አስተዋዋቂው የሚከፍለው በገዢው ኪስ ልክ ነው።

ዋትስአፕን ውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2014 ፌስቡክ ሊገዛው ሲስማማ የተነገረው ዋጋ 19 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን የሠራተኞቹ ቁጥር 55 ገደማ ነበር። የተገዛው 55 ሰው ብቻ አልነበረም። የተገዛው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ስልክ ማውጫ ውስጥ መግባቱ ነው። ያንን ዋጋ የፈጠርነው እኛው ነን፤ አክስት ዘመዱን፣ ዘመድ ጎረቤቱን «ዋትስአፕ አውጣ» እያለ። ሁሉም የሚጥልበት፣ ዕጣው ግን ሁልጊዜ ለአንድ ሰው የሚወጣበት ዕቁብ ማለት ይህ ነው።

«እንግዲያው መረጃዬን ራሴ ብሸጠው ሀብታም እሆናለሁ»

አትሆንም። ያንተ መረጃ ብቻዋን ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አትበልጥም። ዋጋ የሚኖራት ከሚሊዮኖች ጋር ስትደመር ነው፣ ደማሪው ደግሞ ሰርቨሩ ያለው ነው። «ለእያንዳንዱ ሰው ለመረጃው ይከፈለው» የሚለው ሐሳብ ጥሩ ቢመስልም እኔን የማያሳምነኝ ለዚህ ነው።

«እኛ አገር ሁሉም እኩል ድሃ ነው፣ ልዩነቱ የፈረንጅ ጣጣ ነው»

ለዚህ ክርክር የሚጠቀሰው የጂኒ መለኪያ ነው፤ ዜሮ ፍጹም እኩልነት፣ መቶ ፍጹም ልዩነት ማለት ነው። የዓለም ባንክ በ2008 ዓ.ም. የቤተሰብ ጥናት ላይ ተመሥርቶ ለኢትዮጵያ የሰጠው 35 ገደማ ሲሆን፣ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ያነሰ ልዩነት ያሳያል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ግን የሚለካው ሰው ምን ያህል እንደሚያወጣና እንደሚበላ እንጂ ምን እንዳለው አይደለም። ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ ሽሮ ሊበሉ ይችላሉ፣ አንዱ የሐይቁ ዳር ይዞታ ይዞ ሌላው የአንድ ክፍል ኪራይ ይዞ። ሀብት ራሱ ሲለካ ልዩነቱ ይሰፋል። በ2022ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም የልዩነት ሪፖርት መሠረት ከዓለም ሕዝብ ሀብታሙ 10 በመቶ ከጠቅላላው ሀብት 76 በመቶውን ሲይዝ፣ የታችኛው ግማሽ የያዘው 2 በመቶ ነው። የቴክኖሎጂ ቢሊየነሮች ሀብት ደግሞ በዋናነት ደመወዝ አይደለም፣ አክሲዮን ነው። ደመወዝተኛ በላቡ ቢያድግም አክሲዮን ያለው ተኝቶ ይቀድመዋል።

«ስልኬ ስናወራ እየሰማ ማስታወቂያ ያመጣል»

ይህን ያላለኝ ደንበኛ የለም። ስለ ሶፋ አወራን፣ ሶፋ መጣ። የስልክ ማይክሮፎን ቀኑን ሙሉ ወሬያችንን ለማስታወቂያ ይቀዳል የሚለው በማስረጃ አልተረጋገጠም፤ ቢሆን ኖሮ ባትሪህና ዳታህ መጀመሪያ ይነግሩህ ነበር። እውነታው ግን ከዚህ ይከፋል፣ መስማት አያስፈልጋቸውም። ጓደኛህ ትናንት ሶፋ ፈልጓል፣ ሁለታችሁም አንድ ዋይፋይ ላይ ናችሁ፣ በስልካችሁ ማውጫ ውስጥ ተያይዛችኋል። ከዚህ መገመት ከባድ አይደለም። ግምቱ የሳተበትን መቶ ማስታወቂያ ደግሞ ማን ያስታውሳል?

«ቴሌግራም ምስጢር ይጠብቃል»

ብዙ ሰው የሚሞግተኝ እዚህ ላይ ነው። ዋትስአፕ መልእክትህን ከላኪው እስከ ተቀባዩ ይመሰጥረዋል፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም ተጠቃሚ። የቴሌግራም ተራ ቻት ግን እንዲህ አይደለም፤ መልእክቱ ኩባንያው ሊያነበው በሚችልበት መልኩ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ብቻ ሲሆን እሱንም በእጅህ መክፈት አለብህ፣ ለሁለት ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። ግሩፕ በዚህ መልኩ በጭራሽ አይመሰጠርም። የዕድር ግሩፕ፣ የዕቁብ ግሩፕ፣ ማን ስንት እንዳልከፈለ በስም የሚለጠፍበት ግሩፕ፣ ሁሉም። የኩባንያው መሥራች ፓቬል ዱሮቭ ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ፈረንሳይ ውስጥ ከተያዘ በኋላ ኩባንያው ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ እንደሚሰጥ ደንቡን አስተካክሏል። ዋትስአፕም ቢሆን የምትለውን ባያይ ከማን ጋር፣ መቼ እንደምታወራ ያውቃል።

አፉን የዘጋው ሲግናል የሚባለው የመልእክት አፕ ነው። የሚያስተዳድረው ትርፍ የማይሰበስብ ፋውንዴሽን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲመሠረት 50 ሚሊዮን ዶላር ያዋለለት ከዋትስአፕ መሥራቾች አንዱ የነበረው ብራያን አክተን ነው። ከዚያ በፊት ሲግናል በአሜሪካ ስለ አንድ ተጠቃሚ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ደርሶት ሊያስረክብ የቻለው አካውንቱ የተከፈተበትንና መጨረሻ የተገናኘበትን ጊዜ ብቻ ነበር። ሌላ የሚሰጠው አልነበረውም።

«ኢንኮግኒቶ ማንም አያየኝም»

ኢንኮግኒቶ፣ ማለትም የብራውዘሩ የግል መስኮት፣ የሚያጠፋው ስልክህ ላይ የሚቀረውን ታሪክ ነው። ድረ ገጹና የኔትወርክ አቅራቢህ ያዩሃል። ጉግል በዚሁ ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ ተከስሶ እ.ኤ.አ. በ2024 በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ለማጥፋት ተስማምቷል።

«ኦፕን ሶርስ የተማሪ መጫወቻ ነው»

ኦፕን ሶርስ ማለት ኮዱን ማንም ሊያየውና ሊያሻሽለው የሚችል ሶፍትዌር ነው። እንግዲህ ኪስህን ፈትሽ። አንድሮይድ የቆመው ሊኑክስ ላይ ነው፤ ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው። ፋይዳ መታወቂያህ የሚሠራበት ሥርዓት ሞሲፕ ይባላል፤ ባንጋሎር፣ ሕንድ ውስጥ ባለ የትምህርት ተቋም የተሠራ ኦፕን ሶርስ ነው። ጤና ጣቢያው የወር ሪፖርቱን ወደ ላይ የሚልክበት ዲኤችአይኤስ 2 ደግሞ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው፤ እሱም ኦፕን ሶርስ። መንግሥት የአገር ሥራ የሚሠራበትን እኛ ለደብዳቤ መጻፊያ እንንቀዋለን።

ያመጡልኝን ላፕቶፖች ስከፍት የማገኘው ምንድን ነው? ክራክ የተደረገ፣ ማለትም እንዳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ ዊንዶውስ፣ ክራክ የተደረገ ኦፊስ። ይህን «ነፃ» የሚሉት አሉ። ክራኩን እንድትጭን መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ ይልሃል፤ በር ጠባቂውን አባርር እንደማለት ነው። አንዲት ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ፋይል በፋይል ተቆልፎባት መጥታ ነበር፤ በዶላር ክፈይ የሚል ጽሑፍ ብቻ ይታያል። ሊብረኦፊስ የተባለውን የኦፕን ሶርስ መጻፊያ ብትጭን ኖሮ ምንም አትከፍልም፣ በግዕዝ ፊደልም ያለችግር ይጽፍላታል። እውነቱን ለመናገር ግን አማካሪዋ በዎርድ ሲከፍተው ሠንጠረዡ ሊዛባ ይችላል፤ ስትልኪ በፒዲኤፍ አድርጊው እላለሁ።

«ኮዱ ክፍት ከሆነ ሌባም ያየዋል»

ያየዋል። ጠባቂውም ያየዋል። መጋቢት 2016 ዓ.ም. ኤክስዜድ በሚባል የሊኑክስ መሣሪያ ውስጥ ተንኮለኛ ኮድ ተሸሽጎ ነበር። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራመር ወደ ሰርቨር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ሲጎረጉር አገኘው። ለሚዛን ያህል፣ ሃርትብሊድ የተባለው ሌላ የክፍት ኮድ ስህተት ማንም ሊያየው እየቻለ ሁለት ዓመት ከርሞ ነው እ.ኤ.አ. በ2014 የተገኘው። ክፍት መሆኑ የሚያይ ሰው አለ ማለት አይደለም፤ ማየት የሚከለከል የለም ማለት ነው።

«ወይ ሁሉንም መተው፣ ወይ ምንም»

እኔም ቴሌግራም አለኝ። ደንበኞቼ ያሉት እዚያ ነው፣ የዕድራችንም ግሩፕ። ከመተው ይልቅ ለየትኛው ነገር የቱን እንደምጠቀም ለየሁ። የመታወቂያና የሕክምና ነገር በሲግናል። ብራውዘሬ ፋየርፎክስ። ለካርታ ኦርጋኒክ ማፕስ፤ ማንም ከሚያርመው ከኦፕን ስትሪት ማፕ የሚቀዳ ነው፣ አንዴ ካወረድከው ያለ ዳታ ይሠራል፣ ባጃጅ ነጂ ጎረቤቴ የወደደውም ለዚያ ነው እንጂ ስለ ግላዊነት ሰምቶ አይደለም። የጎደለውን የሰፈር መንገድ ራስህ ልትጨምርበትም ትችላለህ።

«የሚጠይቅ ሕግ የለም»

አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ስለ አንተ የተያዘውን መረጃ የማየት፣ ስህተቱን የማሳረምና የማስጠፋት መብት ይሰጥሃል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ገና ልጅ ነው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድረስ አልወረደም።

እዚያ ቤት ፎልደሩን አብረን ባዶ አደረግነው። ለልጁም አሳየሁት፦ ፕሪንት ሲያልቅ ፋይሉን ከኮምፒውተሩ አጥፋ፣ ደንበኛውም ከቴሌግራሙ ለሁለቱም ወገን እንዲያጠፋው ንገረው። ባለፈው ሳምንት ለሥራ ጎራ ስል እያደረገው ነበር። አንዲት ሴት ፋይዳዋን አሳትማ ስትጨርስ፣ «እማማ፣ ላጥፋው?» አላት።

«ኧረ ተወው ልጄ፣» አለችው፣ «ደግሞ ሌላ ጊዜ ብፈልገው ከየት አመጣዋለሁ? አንተው ጋ ይቀመጥልኝ።»